ሦስት ልብ ያለው ሸክላ ሠሪ

«ሦስት ልብ ያለው መሆኑን ችዬዋለሁ። ሰማያዊ ቆዳውንም ችዬዋለሁ። ሸክላ ሠሪነቱን ግን አልችልም» አሉ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሶፋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው እንደተቀመጡ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያነበብኩላቸውን ታሪክ የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗንም አያውቁም ነበር። ሊሄዱ ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ እኔ ደግሞ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዤ በባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከእሳቸው ጋር መክረም አለብኝ።

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ዘግታ ትጽፋለች፤ ትጽፋለች፤ ትጽፋለች። ከወንድ ልጅ ጋር የምትጻጻፍ መስሎኝ አንድ ቀን ሻወር ስትገባ ኮምፒውተሯን ከፈትኩ። በኖርዌይኛ ነው። የከዋክብት መርከብ የምትነዳ ሴት፣ እንደ ዓሣ በአንገቱ የሚተነፍስ ፍጡር ትስማለች። ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ቀጣዩን ስፈልግ ልጄ ፎጣ እንደጠመጠመች ከኋላዬ ቆማለች።

«ማማ፣ ይሄ ፒንሊ ነው» አለችኝ። ሲያፍሩ የሚሉት ነው።

«ማን የጻፈው ነው?»

«እኔ። ፋንፊክ ነው። የሌላ ሰው ፊልም ላይ ያሉትን ሰዎች ትወስጃለሽ፤ ከዚያ ፊልሙ ያላደረገውን አንቺ ታደርጊያለሽ።»

«ይፈቀዳል?»

«ያ፣ አዎ። ካልሸጥሽው።»

ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ተረት ስንጫወት የሌላውን ልጅ ጅብ ወስደን የራሳችንን መጨረሻ እንሰጠው ነበር፤ ይሄ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጋዜጣው ደግሞ ሁልጊዜ ወሬው የጣመ ቦታ ላይ ይቀደዳል፤ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ለካ እጄ የለመደው ያኔ ነው።

ያንን ተከታታይ ፊልም ከልጄ ጋር አየሁት። የመርከቧ የውጭ ቆዳ ከተቃጠለ ሸክላ የተሠራ ነው፤ አየር ውስጥ ስትገባ እንዳትነድ። እሱን የሚሠሩትና የሚጠግኑት ታች፣ ሞተሩ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሰማያዊ ቆዳና ሦስት ልብ ያላቸው የሌላ ዓለም ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ውስጥ አንዳቸውም አይናገሩም። ጠፍጣፋ ነገር ተሸክመው ከኋላ ያልፋሉ፤ በቃ። ከመሃላቸው አንዱ ግን ነጂዋ በኮሪደሩ ስትመጣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ መንገድ ይለቅላታል። ያቺን አለቃቀቅ አውቃታለሁ። እናቴ ገበያ ስትሄድ፣ ሰው ከፊቷ ሲመጣ፣ ከነሸክሟ ከመንገዱ ወጥታ እሾሁ ላይ ትቆም ነበር።

እሱን ወሰድኩት። ከነጂዋ ጋር በፍቅር ጣልኩት። ሄልስፊር አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እዚህ ሲከየም የምንለው ቤት ነው የምሠራው፤ ባቡር ላይ ስሄድና ስመለስ በስልኬ እጽፋለሁ። ስሜን ሳልነግር በአንድ የአማርኛ ንባብ ቻናል ላይ ለቀቅኩት። አንባቢዎቼ ከቤሩትም ከስቶክሆልምም ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደኔ ሠርተው የሚገቡ ሴቶች። ሰማያዊ ቆዳውን ወደዱለት። «ሦስት ልብ ካለው ሦስት ሴት ይወዳል ማለት ነው?» ብላ የጠየቀች ነበረች። «አንዱ ልቡ እንኳን ያልሠራለት ባል አለኝ» ብላ የመለሰችላት ነበረች። ሥራው ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። አሥር ምዕራፍ ሙሉ «ባለሙያው» እያልኩ አለፍኩ። ለምን እንደማልጽፈው አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ባለቤቴ ስለ እናቴ ያውቃል። ሳንጋባ ነግሬዋለሁ። ያኔ እጄን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። «ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ እማዬ ሁለት ዓመት አላናገረችኝም። ያንን ዋጠችው። ይሄን ደግሞ አንጨምርባት። እሷ እስካለች ድረስ ብቻ» አለኝ። እሺ አልኩ። እናቴ ሞታለች፤ አማቴ ሩቅ አገር ናቸው፤ እኔ ኦስሎ ነኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በስልክ «እናትሽ ምን ነበሩ?» ሲሉኝ «ነጋዴ» አልኳቸው። ገበያ ትሸጥ ስለነበር ውሸት አልመሰለኝም።

ከዚያ በጥር የሦስት ወር ቪዛ አግኝተው መጡ።

ከመምጣታቸው በፊት ባለቤቴ የእናቴን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደ። ያለኝ ፎቶ እሱ ብቻ ነው፤ እናቴ ጭቃ በተለቀለቀ እጇ ፀሐይዋን ከዓይኗ ስትከልል። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ የአልጋ ልብስ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። በአክብሮት ነው ያደረገው፤ ይሄ ነው ያስቸገረኝ። ክፉ ቢሆን እጣላው ነበር። ምስማሯ ግን ግድግዳው ላይ ቀረች።

«ይቺ ምስማር ምን ነበረባት?» አሉ አማቴ በገቡ በሁለተኛው ቀን።

«ሰዓት፤ ተበላሽቶ ነው እማማ።»

በሦስተኛው ቀን ከብሎኩ በር ላይ በረዶ አንሸራተታቸው። አልተጎዱም፤ ግን ደነገጡ። ጫማ ላይ የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት ስንገዛላቸው «ፈረስ ነኝ እንዴ ብረት የምታስሩብኝ?» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሦስተኛ ፎቅ አልወረዱም። ከመስኮቱ ሆነው የሰፈራችንን የቫይትቬትን ገበያ ማዕከል፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶችን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መምሸት የሚጀምረውን ቀን ያያሉ። «እስር ቤትሽ ይሞቃል፤ አይከፋም» ይሉኛል። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፤ ልጄ ክፍሏ ናት። የጠዋት ቫክቴን፣ ፈረቃዬን፣ ጨርሼ ስገባ የሚጠብቁኝ እኔን ነው።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት አይጥመኝም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆሜ ሳጉረመርም ሰሙኝ።

«ማናት እሷ? ማንን ነው የምትወደው?»

«ታሪክ ነው እማማ። አንዲት የማላውቃት ሴት የጻፈችው።»

«ነይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ዓይኔ ፊደል እምቢ ብሏል እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

በአንድ ሳምንት አሥሩን ምዕራፍ ጨረስን። እንደሳቸው ያለ አድማጭ አይቼ አላውቅም። ነጂዋ ስታለቅስ ያለቅሳሉ። የመርከቧ አዛዥ ክፉ ሲናገር «አፍህ ይያዝ» ይሉታል። አሥረኛው ሲያልቅ ግን ተቆጡ።

«ሽማግሌ ሳይልክ ነው እንዴ የሚያገባት? በጓሮ በር?»

«ከዋክብት መሃል ሽማግሌ ከየት ይመጣል እማማ?»

«ፍቅር ከየት መጣ? ከዚያው ይምጣ።»

በማግስቱ ባቡር ላይ ሽማግሌዎቹን ላክሁ። ሦስት ናቸው፤ የጠፈር ልብስ ለብሰው፣ ከላዩ ነጠላ ደርበው። የነጂዋ አባት ክፍል ገቡ። እዚያ ክብደት የለም። ስለዚህ «ተቀመጡ» ሲባሉ መቀመጥ አልቻሉም፤ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ሊቆሙም አልቻሉም፤ አንዱ ጣሪያውን በራሱ እየነካ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አማቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ልጄ እንኳ ከክፍሏ ወጥታ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«እሺ፤ አባትየው ምን አለ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«"የማን ልጅ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?" አለ።»

«ደግ አደረገ። እና ምን መለሱ?»

እዚያ ላይ ነበር ያቆምኩት። ሦስት ቀን ሙሉ «ጻፈች? ምን መለሱ አለች?» እያሉ ጠየቁኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የሚጠይቁኝ። በአራተኛው ቀን፣ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ ትልቁ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ «ጭቃ የሚያቦኩ፣ ሸክላ የሚያቃጥሉ ናቸው» አለ። ጻፍኩት። አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁን ያሉት።

«እማማ፣ እሱ እኮ ሰው እንኳን አይደለም። የሌላ ዓለም ፍጡር ነው።»

«እሱማ ምን ችግር አለው፤ እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል።»

«ክርስቲያን አለመሆኑንም እሺ ብለዋል።»

«ይጠመቃላ። አጥንት ግን አይጠመቅም ልጄ።» ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ስልኳ አለሽ ያቺ ጸሐፊ? ንገሪያት። የንጉሥ ልጅ ታድርገው። ሲወለድ ተሰርቆ እነሱ ያሳደጉት። ቀላል ነው።»

ቻናሉ ላይ ስለቀውም እንደዚያው ነበር። ድሮ ወዲያው የሚግተለተለው አስተያየት ጠፋ። በመጨረሻ አንዷ «እህቴ፣ መጨረሻው ላይ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ይገኛል አይደል?» ብላ ጻፈች። ከሥሯ የቀይ ልብ ምልክት ተደረደረ። ሦስት ልብ ላለው የማይሰጡትን ለእሷ ሰጧት።

ቤታችን ውስጥ ምሥጢር የሚወራበት ቦታ የለም። ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው ምድር ቤት፣ የብሎኩ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ይጮኻል።

«ለምን ሌላ ታሪክ አታነቢላትም?» አለኝ፣ የአልጋ ልብስ እያጠፍን።

«ይሄን ነው የሚፈልጉት።»

«እንግዲያው እንዳለችሽ አድርጊው። የንጉሥ ልጅ ቢሆን ምን ትሆኛለሽ? ፈጠራ ነው እኮ።»

«እናቴን ከግድግዳ አወረድካት። ከፈጠራውም ላውርዳት?»

የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቆመ። አልተቆጣም። መቆጣት አይችልበትም። «ስድስት ሳምንት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሽማግሌ ናት። ከዚህ ተጣልታን ብትሄድና ብትሞት፣ እኔ እንዴት እሆናለሁ?»

የተጣጠፈውን አቅፈን ሦስት ፎቅ ወጣን፤ እናቴ ያለችበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከላይዋ፣ አስቀመጥነው።

የንጉሥ ልጅ ላደርገው ሞከርኩ። ሁለት ቀን ሞከርኩ። ዘውድ ያለበት ምልክት ትከሻው ላይ አደረግኩለት፤ አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባቡር ላይ ሌላ ነገር መጣ። ነጂዋ ታች ወርዳ ታየዋለች፤ የተሰባበረ የመርከብ ቆዳ ከቆሻሻው እየለቀመ ነው። ለምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እሱም፣ ፊልሙ አንድ ቃል ያልሰጠው ሰው፣ ይነግራታል። ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ ይሰነጠቃል። አሮጌ ገል፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ይገባበታል። አንድ ጊዜ እሳት ያየው ነው አዲሱን እሳት የሚያስለምደው። መወቀጡ የሴት ሥራ ነው፤ ዱቄቱ በምላስ ይቀመሳል፤ ጥርስ ላይ ካንኮሻኮሸ ገና ነው። ቀና ስል ሄልስፊርን አልፌ ቀጣዩ ጣቢያ ብሪን ደርሻለሁ። ወርጄ በበረዶው ወደ ኋላ ተመለስኩ። አርፍጄ ገባሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴን ሳላስበው በሥራ ልብሷ አምጥቻታለሁ።

ላነብላቸው አላሰብኩም። «አልጻፈችም» ልል ነበር። ግን ገና ስገባ ፊቴን አይተው «ጽፋለች» አሉ። ሻይ አፈላሁላቸው። ተቀመጥኩ። አነበብኩ።

ስጨርስ ወደ መስኮቱ እያዩ ጀመሩ።

«እኛ ቤት አንዲት ሴት ትመጣ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ። ገል ትለምናለች። የተሰበረ እንስራ፣ የተሰበረ ድስት። ለድግምት ነው ይሉናል። እናቴ ገላችንን ጉድጓድ አስቆፍራ ታስቀብር ነበር፤ እንዳትወስድብን። አንድ ቀን እኔ ራሴ ውሻ ለቀቅሁባት። ለአዲሱ እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ስገዛ ኖርኩ፤ ዛሬ ሰማሁ።»

የሻይ ኩባያዬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አላስቀመጥኩትም።

«ይሄን ገዢ አያውቀውም» አሉ። «ይቺ የጻፈችው፣ ገሉን ቀምሳዋለች።»

«ሊሆን ይችላል።»

«እናትሽ ነጋዴ ነበሩ ብለሽኛል።»

«ያ» አልኩ፤ ስፈራ ኖርዌይኛ ይቀድመኛል።

«ምን ነበር የሚሸጡት?»

«ሸክላ።»

«ሌላ ሰው የሠራውን?»

የማምለጫ በር ከፍተው ያዙልኝ። ገርበብ አድርገው፣ በደግነት፣ እንድወጣበት። «አዎ» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እናቴ እሾህ ላይ የቆመችበት እግሯ ታየኝ።

«የራሷን» አልኩ። «የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት የጠየቁኝ ስለ እኔ አልነበረም።

«ልጄ ያውቃል?»

ይሄን አልጠበቅኩም። «ያውቃል» ብል፣ ይህን ሁሉ ዓመት እናቱን ያታለለ ልጅ ይሆናል፤ እሱ የፈራው ይሄንኑ ነው። «አያውቅም» ብል አታላይዋ እኔ ብቻ ነኝ። ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ የአንድ ትንፋሽ ነው።

«አያውቅም።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ሻይ፣ እኔ የቀዳሁትን፣ አነሡ። ኩባያውን ዞር አድርገው አዩት። ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። የቀረውን አስቀመጡት።

«አትንገሪው» አሉኝ። «ልቡ ይሰበራል። አንድ ልብ ነው ያለው እሱ።»

ደረጃው ላይ የባለቤቴ ቡትስ ድምፅ መጣ። በሩን ከፍቶ በረዶውን እያራገፈ «ዛሬ ደግሞ ሰማይ ቤት ምን ተባለ?» አለ።

«ምንም» አሉ አማቴ። «ሽማግሌዎቹ ገና እንደተንሳፈፉ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ልንገራችሁ። ክፉ አልነበሩም። እንደውም ከበፊቱ ይበልጥ «ልጄ» ይሉኝ ነበር። ግን ሲበሉ ቀና ብዬ ካየኋቸው እጃቸው አየር ላይ ይቆማል፤ ዓይኔን እስክመልስ። አውቀው አይመስለኝም። እኔም ስንበላ ሳህኔን ብቻ ማየት ለመድኩ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ማዶ እናቱ ወደ ሸክላ ወሬ እንዳይሄዱ በዓይኑ ያስጠነቅቀኛል። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ሲገባ ጉልበቴን ነካ አድርገው ዝም ያሰኙኛል። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ከሁለቱም እደብቃለሁ። አንዳንዴ ልጄ «ማማ፣ ለምን ነው ሁላችሁም ስለ አየር ሁኔታ ብቻ የምታወሩት?» ትለኛለች።

የታሪኩን መጨረሻ አንድ ቀን ብቻ አነሡት። «ሸክላ ሠሪ ሆኖ ይቅር» አሉ። «የንጉሥ ልጅ አታድርጊው፤ ውሸት ይሆናል። የእሷ ሰዎች ግን አይስሙ። ሁለቱ ይወቁ፤ ይበቃል።» ለእኔ መሐሪ መሆናቸው ነበር። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የለመነኝን ዳግመኛ ከእናቱ አፍ እየሰማሁ ነበር።

አውሮፕላን ጣቢያ ባለቤቴ ሻንጣውን ሲያስመዝን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስሄድ ሰዓትሽን ስቀይው» አሉኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ ያቺ ባዶ ምስማር ስታየኝ ነበር።» ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለልጃቸው ሲሉ ፈገግታቸውን አስተካከሉ።

ስንመለስ መኪናችንን ባለቤቴ ነዳ። ኋላ እጁን ጉልበቴ ላይ፣ እናቱ የሚነኩኝ ቦታ ላይ አደረገ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። «ሳታውቅ ሄደች።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ብነግረው ግን የእሳቸውን ቃል አፈርሳለሁ፤ ደግሞ «ልጄ አያውቅም» ብለው የሚጽናኑበትን ከእሳቸው እነጥቃለሁ፤ እሱም ደውሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ አያድርም። መስኮቱን አየሁ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ ከሥሩ ጭቃው ወጥቷል።

ቤት ስንገባ መሳቢያውን ከፍቼ እናቴን ከፎጣው አወጣኋት። ባለቤቴ ራሱ ምስማሯ ላይ ሰቀላት። ራቅ ብሎ አየ፤ በግራ በኩል ትንሽ ቀና አደረጋት።

«ቆንጆ ናት» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «እማዬ ዳግም ስትመጣ እናወርዳታለን» አለኝ።

«ያ» አልኩት።

ቻናሉ ላይ እስከ ዛሬ «አባትየው ምን መለሰ?» ይሉኛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እዚያው አባትየው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አልተቀመጡም፣ አልቆሙም።